ከስቴንቱ በፊት ምስሉ፦ የቆሽትና የሐሞት ቱቦ ካንሰርን ደረጃ በትክክል ለመለየት

የቆሽት ካንሰር የተገኘበት ሰው ሕክምና በዋናነት የሚወሰነው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ሊወጣ ይችላል ወይስ አይችልም በሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ በአብዛኛው የሚመልሰው የምስል ምርመራ ሲሆን፣ መልሱ ሲሳሳት ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው፤ ሆዱ ተከፍቶ ዕጢው ሳይወጣ የሚሰፋ ሕመምተኛ አለ፣ የመዳን ዕድል የሚሰጠውን ቀዶ ሕክምና ሳያገኝ የሚቀርም አለ። በእኔ እምነት አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው ምስሉ ሲነበብ ሳይሆን ከመነሣቱ በፊት ነውና፣ ምርመራውን የሚያዝ ሐኪም፣ የሚያነሣ ቴክኖሎጂስትና የሚያነብ ራዲዮሎጂስት ሦስቱም ከዚያው መጀመር ይኖርባቸዋል።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቅደም ተከተል ነው። ዓይኑ ቢጫ ሆኖ የመጣ ሕመምተኛ ሲታይ ሁሉም ሰው የተዘጋውን የሐሞት ቱቦ ቶሎ መክፈት ይፈልጋል፤ ነገር ግን ስቴንት፣ ማለትም ቱቦውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቧንቧ፣ ከመግባቱ በፊት ሲቲ ስካኑ መነሣት አለበት። ናይስ የተባለው የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2018 ያወጣው መመሪያም በቱቦው የታገደው ሐሞት እንዲፈስ ከመደረጉ በፊት ለቆሽት ተብሎ የተዘጋጀ ሲቲ ስካን እንዲነሣ ያዝዛል። ምክንያቱን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የላይኛው የአንጀት ደም ቅዳ፣ ማለትም ኤስኤምኤ የምንለው ቧንቧ፣ በጤናማ ሰው ምስል ላይ ዙሪያውን በጥቁር የስብ ቀለበት ተከቦ ይታያል። ዕጢ ወደ ቧንቧው ሲደርስ ያ ጥቁር ቀለበት በደረሰበት በኩል ይጠፋና ግራጫ ይሆናል። ሆኖም ከኢአርሲፒ፣ ማለትም ስቴንቱ በኢንዶስኮፒ ከሚገባበት ሥራ፣ በኋላ የሚመጣ የቆሽት ብግነትም ስቡን እንዲሁ ግራጫ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ ካንሰሩን ከብግነቱ መለየት ለተካነ ዓይን እንኳ ያስቸግራል። የብረት ስቴንት ደግሞ በራሱ ጨረራማ ጥላ እየጣለ የቆሽቱን ራስ ይሸፍናል። ከዚህ ደንብ የሚወጣው ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚለው፣ የሐሞት ቱቦ ኢንፌክሽን የያዘው ሕመምተኛ ነው፤ እርሱ ምስል እስኪነሣ ብሎ መቆየት የለበትም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሲቲ ስካኑ አነሣሥ ነው። «የሆድ ሲቲ» ብሎ ብቻ ማዘዝ አይበቃም፤ በማዘዣው ላይ «የቆሽት ፕሮቶኮል» መባል አለበት፣ የተጠረጠረው ነገርና ቀደም ሲል የገባ ስቴንት ካለም መጻፍ አለበት። ሕመምተኛው ከምርመራው በፊት ነጭ ሆኖ የሚታይ የሚጠጣ ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላ ፈሳሽ) ሳይሆን ውሃ ይጠጣል፤ ነጩ ፈሳሽ የዱዮዲነምን፣ ማለትም የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ ግድግዳና በአካባቢው ያሉትን ትንንሽ የደም ቧንቧዎች ይጋርዳል። በደም ሥር የሚሰጠው ኮንትራስት በሰከንድ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር እንዲገባ፣ ካኑላው በክንድ ላይ ባለ ጥሩ ደም ሥር ውስጥ 18 ወይም 20 ቁጥር ሆኖ መቀመጥ ይገባዋል። በእጅ ጀርባ ላይ በገባ ቀጭን ካኑላ የተነሣ ምስል ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ምስሉ ሁለት ጊዜ ይነሣል። የመጀመሪያው መርፌው ከጀመረ ከ40 እስከ 50 ሰከንድ ባለው ጊዜ ነው፤ በዚህ ሰዓት ጤናማው የቆሽት ሥጋ ኮንትራስቱን ጠጥቶ ስለሚደምቅ፣ ደም የሚያንሰው ዕጢ ጠቆር ብሎ ይለያል፣ ደም ቅዳዎቹም በደንብ ይታያሉ። ሁለተኛው ከ65 እስከ 70 ሰከንድ አካባቢ ሲሆን፣ ደም መልሶቹን፣ በጉበት ውስጥ የተዘራ ካንሰርንና የሆድ ዕቃ ሽፋንን ለማየት ያገለግላል። ልቡ የደከመ ሕመምተኛ ላይ ኮንትራስቱ ስለሚዘገይ፣ በቋሚ ሰዓት ከመነሣት ይልቅ ከልብ በሚወጣው ዋና ደም ቅዳ፣ በአኦርታ፣ ውስጥ መድረሱን ማሽኑ እየተከታተለ ቢያነሣ ይሻላል። የእያንዳንዱ የምስል ቁራጭ ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ እጅግ ቢቀጥን ደግሞ ቧንቧዎቹን በቁመትና በጎን አቅጣጫ እንደገና ቆርጦ ለማየት ይመቻል። ደረቱም አብሮ ይነሣ።

ንባቡ ላይ የቧንቧዎቹ ነገር ከሁሉ ይቀድማል። ዕጢው ኤስኤምኤን፣ የሴሊያክ ደም ቅዳን፣ የጉበትን ዋና ደም ቅዳ፣ የላይኛውን የአንጀት ደም መልስና ፖርታል የተባለውን ደም መልስ ነክቶ እንደሆነ እያንዳንዱ በስሙ ይጻፋል፤ ነክቶ ከሆነም የቧንቧውን ዙሪያ ግማሽ፣ ማለትም 180 ዲግሪ፣ አልፎ እንደሆነ ይገለጻል። ደም መልሱ ከጠበበ፣ ቅርጹ ከተዛባ ወይም የረጋ ደም ካለበት ይህም ይነገራል። «ከቧንቧው ጋር የተጠጋ ይመስላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለቀዶ ሐኪሙ ምንም አይነግረውም። የጉበት የቀኝ ደም ቅዳ ከኤስኤምኤ የሚነሣባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ይህ ሳይነገር የቀረ እንደሆነ በቀዶ ሕክምናው መካከል ሊቆረጥ ይችላል።

ከአሥር ዕጢዎች አንዱ ገደማ ከጤናማው ቆሽት ጋር አንድ ዓይነት ድምቀት ስላለው በሲቲ ላይ በግልጽ አይለይም። እንዲህ ባለ ጊዜ ዓይን ዕጢውን ሳይሆን ምልክቱን ይፈልግ፦ የቆሽት ቱቦ በድንገት መቋረጡን፣ ከዚያ በላይ ያለው መስፋቱን፣ የሐሞት ቱቦውም አብሮ መስፋቱን፣ የቆሽቱ ጅራት መመንመኑን። እነዚህ ካሉ ኤምአርአይና የኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ (በአፍ በሚገባ መሣሪያ ጫፍ ላይ ያለ አልትራሳውንድ) መከተል አለባቸው። ኤምአርአይ፣ በተለይ በሥጋው ውስጥ የውሃ እንቅስቃሴን የሚያሳየው የዲፊዩዥን ምስሉ፣ ሲቲው «በጣም ትንሽ ስለሆነ ምንነቱ አይታወቅም» ያለውን የጉበት ነጥብ ለመለየት የተሻለ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ለታሰበለት ሰው ይህን መዝለል አልመክርም። የኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድ ትልቁ ጥቅሙ ናሙና መውሰዱ ነው፤ ኬሞቴራፒ ለሚጀምር ሰው ናሙና ግዴታ ሲሆን፣ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ለሚሄድ ግን ግዴታ አይደለም። ፔት ሲቲ፣ ማለትም ብዙ ስኳር የሚጠቀም ሥጋን የሚያሳየው ምርመራ፣ ተጨማሪ እንጂ የሲቲው ምትክ አይደለም። በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የደቀቀ ሥርጭትን ከእነዚህ ምስሎች አንዳቸውም በአስተማማኝ ሁኔታ ስለማያሳዩ፣ ዕጢው ትልቅ ከሆነ ወይም ሲኤ 19-9 የተባለው የደም ምርመራ እጅግ ከፍ ካለ ላፓሮስኮፒ፣ ማለትም በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ሆድ ውስጥ ማየት፣ ቦታ አለው። የሐሞት መዘጋት ብቻውን ይህን ቁጥር ከፍ እንደሚያደርገው ግን አይረሳ።

የሐሞት ቱቦ ካንሰር፣ በተለይ የቀኙና የግራው ቱቦ በሚገናኙበት በጉበት በር ላይ የሚወጣው፣ የራሱ ጥንቃቄ አለው። እዚህ ጥያቄው ቧንቧ ብቻ ሳይሆን ዕጢው በቱቦው ላይ እስከ የት እንደወጣ ነው። ቢስሙትና ኮርሌት በ1975 ያወጡት አከፋፈል እስካሁን ያገለግላል፦ ከመገናኛው በታች የቀረ አንደኛ፣ መገናኛውን የነካ ሁለተኛ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የወጣ ሦስተኛ፣ ወደ ሁለቱም የወጣ አራተኛ ዓይነት ነው። ይህን በደንብ የሚያሳየው ኤምአርሲፒ፣ ማለትም የሐሞትና የቆሽት ቱቦዎችን የሚያሳየው የኤምአርአይ ዓይነት፣ ሲሆን፣ የሚያሳየውም ቱቦዎቹ በሐሞት እንደተሞሉ ሳሉ ነው። ሐሞቱ ከፈሰሰ በኋላ ቱቦዎቹ ይኮማተራሉ፣ ግድግዳቸውም በስቴንቱ ምክንያት ይወፍራል፤ የዕጢው ዳርቻም ይጠፋል። ይህ ዕጢ ጠባሳ የበዛበት ስለሆነ ኮንትራስቱን ዘግይቶ ይጠጣል፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚነሣ ተጨማሪ ምስል ብዙ ጊዜ ዕጢውን አጉልቶ ያወጣዋል። ከጉበቱ የትኛው ወገን እንደመነመነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚቀረው ክፍልም ምን ያህል መጠን እንዳለው ተለክቶ መጻፍ አለበት። አይጂጂ 4 ከሚባለው ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ብግነት ካንሰሩን አስመስሎ ሊመጣ ስለሚችል ይህም ከግምት ይግባ። የጉበት ንቅለ ተከላ ሊታሰብለት የሚችል ሕመምተኛ ከሆነ ግን ከዕጢው ላይ በመርፌ ናሙና ከመውሰድ በፊት የንቅለ ተከላ ቡድኑ ይጠየቅ፤ ካንሰሩን ሊዘራ ይችላል በሚል ስጋት ዕድሉ ሊዘጋበት ይችላልና።

ሪፖርቱ በነጻ ጽሑፍ ሳይሆን በቅጽ መልክ ቢጻፍ የሚረሳው ይቀንሳል። ምስሉም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ባሉት አራት ሳምንታት ውስጥ የተነሣ ይሁን፤ ይህ በሽታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሊቀየር ይችላል።

ቀድሞ ኬሞቴራፒ የወሰደ ሕመምተኛ ሲነበብ ሚዛኑ ይለያል። ከሕክምናው በኋላ በቧንቧው ዙሪያ የሚታየው ግራጫ ሥጋ ሕይወት ያለው ዕጢ ይሁን ጠባሳ፣ ሲቲ ስካን በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም። ስለዚህ አዲስ ሥርጭት ካልታየና ሲኤ 19-9 ከወረደ፣ ቧንቧው ዙሪያ ያለው ነገር ስላልጠፋ ብቻ «አይወጣም» ብሎ መደምደም አይገባም፤ በሪፖርቱ ላይ የቀድሞውና የአሁኑ ልክ ጎን ለጎን ተጽፎ፣ ውሳኔው ለቀዶ ሐኪሙ፣ ለካንሰር ሐኪሙና ለራዲዮሎጂስቱ የጋራ ስብሰባ ይቅረብ።