ማሰሪያ አንቀጹን መጠበቅ፦ በጣና ዳር ቃለ መጠይቅ ሲቀረጽ

በባሕር ዳር ቃለ መጠይቅ ለመቅረጽ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ከተናጋሪው ጀርባ ስለሚታየው ሐይቅ ነው። እኔም አንድ ጊዜ በውኃው ውበት ተማርኬ፣ የጆሮ ማዳመጫ ሳላደርግ፣ አንድ አዛውንት አሣ አስጋሪ ከ40 ደቂቃ በላይ ቀረጽሁ፤ ማታ ስሰማው ከነፋስና ከሞተር ጀልባ ጩኸት በቀር የተረፈኝ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ካሜራው ከመተከሉ በፊት በቦታው ላይ ዓይንን ጨፍኖ ለጥቂት ደቂቃ ማዳመጥና የባጃጁን፣ የጀልባውን፣ የድምፅ ማጉያውን አቅጣጫ መለየት ይገባል።

በካሜራው ላይ የተገጠመው ማይክራፎን ለዚህ ሥራ አይበቃም። በልብስ ላይ የሚሰካው ትንሽ ማይክራፎን ከአገጭ አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ፣ የነፋስ መከላከያ ፀጉሩን ለብሶ ይቀመጥ። የእኛ አገር ችግር ግን ጋቢና ነጠላ ነው፤ ተናጋሪው በየመካከሉ ጋቢውን ባጣፋ ቁጥር የጨርቁ መፋተግ ቃሉን ይውጠዋል። ማይክራፎኑን ከውስጥ ባለው ሸሚዝ ላይ ሰክቶ፣ ጋቢው ከደረት ገለል እንዲል በትሕትና መጠየቅ ያስፈልጋል። የድምፁም መጠን በመለኪያው ላይ የመጨረሻው ከፍታ ከሆነው ከዜሮ 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ እንዲል ቢደረግ፣ ባለታሪኩ በድንገት ቢስቅ ወይም ቢቆጣ ድምፁ አይሰነጠቅም።

ብርሃኑን በተመለከተ ከተማዋ ከሐይቁ በስተደቡብ መሆኗ ይጠቅማል፤ ሐይቁን ከጀርባው አድርጎ የተቀመጠ ሰው ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሚዞር፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ወደ ደቡብ የምታዘነብለው ፀሐይ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት በኋላ ፊቱን ከጎን ታበራለታለች። በቀትር ግን ከላይ ወርዳ ዓይኖቹን በጥላ ስለምትሸፍን፣ ዋርካ ሥር መጠለል ይሻላል። በቤት ውስጥ የሚቀርጽ ደግሞ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ መሆኑን አስቦ በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ የሸተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ ፍጥነት 1/50 ሰከንድ ቢያደርግ አምፖሎቹ አይርገበገቡበትም።

ከሁሉ የሚከብደው መጠየቁ ነው። ጥያቄዎ በቅንብር ጊዜ ተቆርጦ የሚወጣ ከሆነ፣ መልሱ ብቻውን መቆም አለበት። «ታንኳ መሥራት ከማን ተማሩ?» ብለው ቢጠይቁ «ከአባቴ» የሚል መልስ ያገኛሉ፤ ጥያቄው ሲወጣ ይህ ቃል ምንም አይናገርም። «ከደንገል ታንኳ መሥራት እንዴት እንደ ጀመሩ ቢያጫውቱኝ» ቢሉ ግን ተናጋሪው ደንገሉ ከተቆረጠበት ቦታ ተነሥቶ ሙሉ ታሪክ ይነግርዎታል።

በአማርኛ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጹ፣ ማለትም ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ፣ የሚመጣው በመጨረሻ ስለሆነ፣ የተናጋሪው ሐሳብ የሚታወቀው ዐረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ብቻ ነው። «አባቴ ሐይቁን ትቶ ወደ ከተማ መግባቱን…» ያለ ሰው ቀጥሎ «ወደደው» ሊል ይችላል፤ «አልወደደውም»ም ሊል ይችላል። ጠያቂው ገብቶኛል ለማለት «እሺ» ካለ፣ ወይም እንደ ልማዳችን ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «እ» ካለ፣ ድምፁ በዚያች ወሳኝ ግሥ ላይ ያርፋል፤ አቀናባሪው ሁለቱን ሊለያያቸው አይችልም። በአንደበት ፈንታ ራስን በመነቅነቅ መስማማት፣ ከማሰሪያ አንቀጹም በኋላ አምስት ሰከንድ ያህል ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝምታው ለጠያቂው ይከብደዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተናጋሪው እውነተኛውን ነገር የሚጨምረው በዚያ ክፍተት ነው።

ሰላምታውን ማሳጠር ነውር መሆኑንም አይርሱ። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ እየተጠየቀ ሳለ ብርሃኑና ድምፁ ይስተካከላል፤ ፈቃዱ ግን ከዚያ በፊት በግልጽ ይጠየቅ። የጎጃምን አዛውንት «አንቱ» ማለት «እርስዎ» ከማለት ይልቅ ያቀርባል፤ ሆኖም በአንዱ ጀምሮ በሌላው መቀጠል ስለማያምር፣ አስቀድሞ መምረጥ ይገባል። በደሴቶቹ ገዳማት ለመቅረጽ ከአበምኔቱ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ነው፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ወደ መሰሉት ገዳማት ሴቶች ስለማይገቡ፣ ጠያቂዋ ሴት ከሆነች መነኩሴው ወደ ባሕር ዳር የሚወጡበትን ቀን ጠብቃ በዚያ ብትቀርጻቸው ይሻላል።

ንግግሩ ሲያበቃ ማንም ሳይናገር የሚሰማውን የቦታውን ባዶ ድምፅ ለአንድ ደቂቃ፣ ደንገል የሚያስሩትንም እጆች ከቅርብ ይቅረጹ። ካሜራው ሳይጠፋ «ሳልጠይቅዎት የቀረ ነገር ይኖር ይሆን?» ይበሉ፤ ማይክራፎኑ ከሸሚዛቸው የሚነሣው ለዚህ መልስ ከሰጡ በኋላ ነው።