ስክሪን ላይ የሚያበራ ሁሉ እንስሳ አይደለም፦ በድሮንና በሙቀት ካሜራ ቆጠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

"ድሮን አለን፣ የሙቀት ካሜራም ተገጥሞለታል፤ ከእንግዲህ የዱር እንስሳ መቁጠር ምን ችግር አለው?" የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ የፕላስቲክ ዳክዬዎችን ባሕር ዳርቻ ላይ እንደ ወፍ መንጋ ደረደሩ። ስንት እንደሆኑ እነሱ ያውቃሉ። ከዚያ ልምድ ያላቸውን ወፍ ቆጣሪዎች ከመሬት ሆነው እንዲቆጥሩ አደረጉ። ድሮን ካነሳው ተራ ፎቶ ላይም አስቆጠሩ። የድሮኑ ቆጠራ ከመሬቱ ከ43 እስከ 96 በመቶ የበለጠ ትክክል ሆኖ ተገኘ። ድንቅ ነው። ግን የፕላስቲክ ዳክዬ አይበርም፣ ዛፍ ሥር አይገባም፣ አይደነግጥም።

የሙቀት ካሜራ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ካሜራው እንስሳ የሚባል ነገር አያውቅም። ከቆዳና ከፀጉር ላይ የሚወጣውን፣ በዓይን የማይታየውን ጨረር ተቀብሎ ወደ ብሩህና ጨለማ ነጥብ ይቀይራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ነጥቡን "ሚዳቋ" ወይም "ድንጋይ" ብለን የምንሰይመው እኛ ነን። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚገቡት በዚሁ ቀዳዳ ነው።

ረፋድ ላይ መነሳት

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ሰዉ ቁርሱን ይበላል፣ ዕቃውን ይጭናል፣ ቦታው ሲደርስ ፀሐይ ወጥታለች።

የሙቀት ካሜራ የሚሠራው በልዩነት ነው። እንስሳው ከዙሪያው ከሞቀ ያበራል። ረፋድ ላይ ግን ድንጋዩም፣ ኩይሳውም፣ ሣር የሌለበት አፈርም ፀሐይ መትቷቸው ያበራሉ። አንድ ጥቁር ድንጋይ ከተኛች ሚዳቋ ጋር በመጠንም በብርሃንም ሊመሳሰል ይችላል። እኩለ ቀን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ከእንስሳው ቆዳ በላይ ይግልና እንስሳው እንደ ጨለማ ጥላ ይታያል። በሁለቱ መካከል ደግሞ የእንስሳውና የመሬቱ ሙቀት እኩል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያኔ እንስሳው ከድሮኑ ሥር ቆሞ ስክሪኑ ላይ የለም።

ስለዚህ ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ሳትወጣ ንጋት ላይ ነው። መሬቱ ሙቀቱን ሲያወጣ ስላደረ ቀዝቅዟል። ማታ ፀሐይ እንደጠለቀች መቸኮል ግን አያዋጣም፤ ድንጋይ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ደመናማ ጠዋት ከሆነ ትንሽ ሰዓት ታተርፋላችሁ። ጭጋግና ዝናብ ካለ ግን ዕቃችሁን ሸክፋችሁ ተመለሱ። የውሃ ጠብታ ጨረሩን ይውጠዋል፣ የረጠበ ፀጉርም ቀዝቃዛ ሆኖ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ለካሜራው የተመቸው ሰዓት እንስሳው የማይወጣበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከርከሮ ሌሊቱን የሚያሳልፈው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከንጋት በፊት ብቻ ከበረራችሁ ከርከሮ የጠፋበት አገር ይመስላችኋል። ጃርት ተቃራኒው ነው፤ ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፣ ሲመሽ ይወጣል። ጉማሬ ደግሞ ቀኑን ውሃ ውስጥ ነው፤ ውሃ ይህን ጨረር አያሳልፍም፤ የምትታየው ከላይ ብቅ ያለችው አናቱ ብቻ ናት። መጀመሪያ የእንስሳውን ውሎና አዳር ማወቅ፣ ከዚያ የካሜራውን ሰዓት መምረጥ ነው።

ከፍታን በግምት መወሰን

ከፍ ባልን ቁጥር ሰፊ ቦታ እንሸፍናለን። ልክ ነው። ግን አንዲት ስሌት አለች፤ ከበረራ በፊት አምስት ደቂቃ አትፈጅም።

የተለመደ የሙቀት ካሜራ እንውሰድ፦ ምስሉ 640 በ512 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ትናንሽ ነጥቦች)፣ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 13 ሚሊ ሜትር፣ የሰንሰሩ (ጨረሩን የሚቀበለው ክፍል) አንድ ፒክስል 12 ማይክሮ ሜትር። ከፍታውን በሰንሰሩ ፒክስል ስፋት አባዙና ለሌንሱ 13 ሚሊ ሜትር አካፍሉ። በ100 ሜትር ከፍታ አንድ ፒክስል መሬት ላይ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። የምስሉ ስፋት 60 ሜትር አይሞላም። እንግዲህ 40 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም ጥንቸል ከራሷ እስከ ጭራዋ አራት ፒክስል ብቻ ናት። ግማሽ ገላዋን ሣር ከሸፈነው ሁለት ትቀራለች። ፀሐይ የመታው ትንሽ ድንጋይም እኮ ሁለት ፒክስል ነው።

"ዙም አደርጋለኋ!" የሚል አይጠፋም። ዲጂታል ዙም ያቺኑ ፒክስል ያተልቃታል እንጂ አዲስ ነገር አያመጣም።

ማየትና መለየት ደግሞ ለየቅል ናቸው። 120 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ገላ በዚያው ከፍታ 13 ፒክስል ያህል ይይዛል። እንስሳ መሆኑ ያስታውቃል። ድኩላ ይሁን የሰው ፍየል ግን ቅርጹ ብቻውን አይነግራችሁም። ስለዚህ የሙቀት ካሜራው ጎን ተራ ካሜራ ቢኖር፣ ጎህ ሲቀድም እሱን ቢያስነሱት ብዙ ክርክር ይቀራል። ዝቅ ብዬ ልየው የሚለው ፈተና ደግሞ ወደ ሌላ ስህተት ይወስዳል፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ድሮኑ የሚያሳያችሁ ከፍታ ብዙ ጊዜ ከተነሳበት ቦታ የተለካ ነው። ፊት ለፊታችሁ 60 ሜትር የሚሆን ኮረብታ ካለ፣ "100 ሜትር ላይ ነኝ" እያለ ከኮረብታው አናት በላይ 40 ሜትር ላይ ያልፋል። 60 ሜትር ዝቅ ያለ ሸለቆ ላይ ደግሞ 160 ይሆናል። በአንዱ በረራ ውስጥ ጥንቸል እዚህ ትታያለች፣ እዚያ አትታይም ማለት ነው። የመሬቱን አቀማመጥ ተከትሎ የሚበር ፕሮግራም ተጠቀሙ። በብዙ አገሮች ያለ ልዩ ፈቃድ ከ120 ሜትር በላይ መብረር እንደማይቻልም አትርሱ።

"አልሸሸም፣ ስለዚህ አልፈራም" ማለት

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ይህን እምነት ገልብጦታል። በሚኒሶታ ጥቁር ድቦች ላይ የልብ ምት መለኪያ ተገጥሞ ድሮን ከላያቸው በረረ። ድቦቹ አብዛኛውን ጊዜ ንቅንቅ አላሉም። ልባቸው ግን በኃይል ይመታ ነበር፤ በአንዱ ድብ ላይ ምቱ በደቂቃ በ123 ጨምሯል። ስክሪን ላይ ተረጋግቶ የቆመው እንስሳ ውስጡ እየተናጠ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ወፎች ላይ ያተኮረ ነበር። ወፎቹን ይበልጥ የረበሸው ድሮኑ በቀጥታ ከላይ ወደ ታች ሲመጣባቸው ነው። ነገሩ ይገባል፤ ከላይ ቁልቁል የሚመጣ ነገር ለወፍ ጭልፊት ነው። በ2021 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ መብረር በተከለከለበት ጥብቅ ሥፍራ አንድ ድሮን እንቁላል የታቀፉ የባሕር ወፎች መሃል ወደቀ። ወፎቹ 1,500 ያህል እንቁላል ጥለው ሄዱ። ቆጠራ አልነበረም፤ ግን የቆጠራ ድሮንም ይወድቃል።

ለቆጠራው ራሱም ጉዳት አለው። የደነገጠ መንጋ ከምትቆጥሩበት መስመር ይወጣል፣ ወይም ወደሚቀጥለው መስመር ገብቶ ይጠብቃችኋል። ከእንስሳቱ ራቅ ብላችሁ ተነሱ። መጀመሪያ ከፍታችሁን ያዙ፣ ከዚያ ወደ እነሱ ሂዱ። ፍጥነታችሁን አትቀያይሩ። ለማጣራት ብላችሁ ከላያቸው አትውረዱ።

ያልታየውን "የለም" ማለት

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ሌሎቹን ስህተቶች ሁሉ አስወግዶ እዚህ ላይ የወደቀ ቆጠራ ዋጋ የለውም።

የሙቀት ካሜራ ቅጠል ዘልቆ ያያል የሚል ወሬ አለ። አያይም። ተራ የመስኮት መስታወት እንኳ ያግደዋል። ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ላይ የምታዩት ነጥብ በቅጠሎች መካከል ያመለጠው ሙቀት ነው። ከአላስካ ሰሜን የመጣ ጥሩ ማሳያ አለ። እዚያ የዋልታ ድቦች በረዶ ውስጥ ቆፍረው የሚወልዱባቸውን ጉድጓዶች በአውሮፕላን ላይ በተገጠመ የሙቀት ካሜራ ይፈልጓቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት መኖራቸው ከተረጋገጠ ጉድጓዶች ካሜራው ያገኘው 45 በመቶውን ብቻ መሆኑን አሳየ። ከግማሽ በላይ አመለጡ።

ስለዚህ "60 አየሁ" ብቻውን መልስ አይሆንም። ካሉት ግማሹን የማየት ዕድል ከነበራችሁ 120 አሉ ማለት ነው። ሦስት አራተኛውን ከሆነ 80 ናቸው። ያው 60 ነጥብ፣ ሁለት የተለያየ አገር።

ይህን ዕድል የመለኪያ መንገድ አለ። ቀላሉ ሁለት ሰው ነው። አንዱ ሳያይ ሌላው፣ ለየብቻቸው ያንኑ ቪዲዮ ይቁጠሩ። አንደኛው 40 አገኘ እንበል፣ ሁለተኛው 36፤ ሁለቱም ያዩዋቸው የጋራዎቹ 30 ናቸው። 40 በ36 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል 48 ይመጣል። ሁለቱ ተደምረው ያዩት 46 እንስሳ ነው፤ ሁለት ያህሉ ከሁለቱም ዓይን አምልጠዋል ማለት ነው።

ግን ተጠንቀቁ። ይህ የሚያርመው የቆጣሪውን ዓይን ነው። ዋርካ ሥር የተኛውን ጎሽ አንደኛውም ሁለተኛውም አያየውም። ለዚያ ሌላ ማመሳከሪያ ያስፈልጋል። አንገታቸው ላይ የጂፒኤስ ማሰሪያ ያላቸው እንስሳት ካሉ፣ በረራው ላይ ስንቶቹ እንደታዩ መቁጠር ነው። ከሌሉ፣ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ መብረር ወይም በእግር ከሚሄድ ቡድን ጋር ማነጻጸር ይረዳል። ሜዳና ጫካ የማየት ዕድላቸው ስለሚለያይ ለየብቻ ይሰላሉ። በሜዳ የለካችሁትን ጫካ ላይ ካዋላችሁት፣ ጫካው ባዶ ሆኖ ሪፖርት ላይ ይወጣል።

አንዱን ሁለቴ መቁጠር

ድሮን ሲቆጥር ወዲያና ወዲህ እያለ ነው፣ እንደሚያርስ በሬ። እንስሳው ግን ቆሞ አይጠብቅም። በመጀመሪያው መስመር የተቆጠረ መንጋ ሦስተኛው መስመር ላይ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

ፎቶዎችን አገጣጥሞ አንድ ትልቅ ካርታ መሥራትም የራሱ ወጥመድ አለው። ፎቶዎቹ በደንብ እንዲገጥሙ እየተደራረቡ ነው የሚነሱት። በሁለት ፎቶ መካከል የተንቀሳቀሰ እንስሳ ካርታው ላይ ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል። እኔ ብሆን ካርታውን ለመልክዓ ምድሩ አቆየውና ቆጠራውን ከዋናዎቹ ፎቶዎች ላይ፣ ከነሰዓታቸው እሠራለሁ። መስመሮቹን ማራራቅም ይረዳል፤ ሁሉንም መሬት መሸፈን ግዴታ አይደለም።

እንስሳ ያለበት ላይ ብቻ መብረር

መሬቱን ሁሉ ካልሸፈናችሁ ግን የምትበሩበትን መስመር ዕጣ ይምረጠው። "እንስሳቱ ውሃው ዳር ናቸው" ብሎ ውሃው ዳር ብቻ በርሮ፣ ያንን በጠቅላላው ስፋት ማባዛት ቁጥሩን ሰማይ ያደርሰዋል። ባዶ የወጣ መስመርም መረጃ ነው፤ ዜሮ ብላችሁ መዝግቡት።

ባለቀለሙን ምስል ማመን

ሐምራዊና ብርቱካናማ የሆነው የሙቀት ምስል ያምራል። ለቆጠራ ግን ጥቁርና ነጩ ይሻላል። በሁለቱም ግን ብሩህና ጨለማውን የሚያከፋፍለው ካሜራው ነው፤ የጋለ ድንጋይ ወደ ምስሉ ሲገባ ሌላውን ሁሉ ያደበዝዘዋል። ድኩላዋ ሳትቀዘቅዝ ትደበዝዛለች። የምትችሉ ከሆነ የእያንዳንዱን ፒክስል ሙቀት የሚይዘውን ፋይል አስቀምጡ፤ በኋላ እንደገና ማስተካከል ይቻላል። ካሜራው በየተወሰነ ጊዜ "ቀጭ" ብሎ ለአፍታ ሲቆምም አትደንግጡ፣ ራሱን እያስተካከለ ነው። ያቺ አፍታ ያመለጠቻችሁን መሬት ግን ታሳቢ አድርጉ።

ሁሉንም ለኮምፒውተር መተው

ነጥቦቹን የሚለቅም ሶፍትዌር ጊዜ ይቆጥባል። ግን የተማረው በአንድ ቦታና ወቅት ምስል ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት የሠለጠነው ፕሮግራም በሞቃት ወቅት ኩይሳ ሁሉ እንስሳ ይመስለዋል። ሰዎች ፕሮግራሙ "አለ" ያለውን ብቻ ነው የሚያጣሩት። "የለም" ካለባቸው ፎቶዎችም የተወሰኑትን በዕጣ አውጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ፤ ያመለጠው ያለው እዚያ ነው።

ቦታውን ለዓለም መንገር

ድሮን የሚያነሳው እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ነጥብ በውስጡ ይይዛል። የአውራሪስ ፎቶ ሳታስቡ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወይም ብዙ ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ከነዋናው ፋይል ብትለቁት፣ ለአዳኝ አድራሻ ሰጣችሁት ማለት ነው። ከማጋራታችሁ በፊት የቦታውን መረጃ ከፋይሉ ላይ አጥፉ። ምስሉ ውስጥ የሚታወቅ ኮረብታ ወይም መንገድ ካለም ቁረጡት። ሪፖርቱ ላይ ደግሞ ነጥቦቹን ትታችሁ የአካባቢውን ጠቅላላ ቁጥር ብቻ አውጡ፤ ዋናው ፋይል ጥቂት ሰዎች እጅ ይቆይ።