ደፈረኝ ወይስ ተዳፈረኝ? ስለ ክፉ ንግግር ስንናገር የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ልጄ፣ የጎረቤቴ ልጅ ደፈረኝ ብለህ ጻፍልኝ» አሉኝ አንድ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው። ጎንደር ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምተዳደረው። ብዕሬን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥሁት። ምን እንዳደረጋቸው ስጠይቃቸው፣ በአጥር ድንበር ሲከራከሩ ጎረምሳው «ዝም በል አንተ ሽማግሌ!» ብሏቸዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

እርሳቸው ባደጉበት አማርኛ አልተሳሳቱም። «ናቀኝ፣ ደፈረኝ» ማለት ክብሬን ነካ ማለት ነበር። ዛሬ ግን «ደፈረ» የሚለውን ቃል ፖሊሱም ዳኛውም ጋዜጣ አንባቢውም የሚረዳው በአስገድዶ መድፈር ነው። «ተዳፈረኝ» ብዬ ጻፍሁላቸው። ያለዚህች ማስተካከያ ልጁ ባልሠራው ከባድ ወንጀል በተጠረጠረ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው፤ ለንግግር ድፍረት ምንጊዜም «ተዳፈረ» ይበሉ።

«ደፋር» ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ጦር ሜዳ ላይ ምስጋና፣ እናት ፊት ወቀሳ ነው። «ምን ያለው ደፋር ነው!» ሲባል የሚለየው ድምፁ ነው፤ ወረቀት ላይ ግን ድምፅ የለም። ወቀሳ ከሆነ «ዐይን አውጣ» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ባለጌን፣ ስድን፣ ጋጠወጥንና ዋልጌን እንደ አንድ ቃል ሲደረድራቸው ነው። እኔ እነዚህን ቃላት እወዳቸዋለሁ፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥዕል አላቸው። ጋጥ የከብት ማደሪያ ነው፤ ጋጠወጥ ከጋጡ የወጣ፣ ሥርዓቱን ጥሶ የሰው ማሳ የገባ ነው። ስድ ከ«ሰደደ» የመጣ ነው፤ ያልታሰረ፣ የተለቀቀ። በግጥም ያልታሰረውን ጽሑፍ «ስድ ንባብ» የምንለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ስድ የሚባለው ከልካይ ያጣ አፍ ያለው ሰው ነው። ዋልጌ ከምላስ ይልቅ የአኗኗር ቃል ነው፤ ሥራውም አለባበሱም ውሎውም ልቅ ለሆነ ሰው ይስማማል። ባለጌ ግን ከሁሉም ሰፊ ነው። ከሕፃን ተንኮል እስከ ከባድ ነውር ይደርሳል፤ መጠጥ ቤት ያለው ረጅም ወንበር እንኳ «ባለጌ ወንበር» ይባላል። አንድ ሰው መጥቶ «ባለጌ ነው ብለህ ጻፍ» ሲለኝ፣ ምን እንደሆነ ገና አልነገረኝም ማለት ነው።

የባለጌ ተቃራኒ ጨዋ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሆኖም የቅኔና የአቋቋም አገር በሆነችው ጎንደር ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በቤተ ክህነት ሰዎች አነጋገር «ጨዋ» ትምህርት ያልዘለቀው ምእመን ማለትም ነው። መሪጌታን «ጨዋ ነዎት» ብሎ ለማመስገን ከመቸኮል «ትሑት ነዎት» ማለት ይቀላል።

«አሳዳጊ የበደለው» የሚለውን ደግሞ ለልጅ ባንናገረው እመኛለሁ። ልጁን የምንቀጣ ይመስለናል፤ ቃሉ ግን የሚያርፈው እናቱ ላይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ እንጀራ እየጋገረች ያሳደገች እናት ይህን ስትሰማ ምን እንደሚሰማት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻለሁ።

ሌላው ስህተት አሽሙርን ከስድብ መቁጠር ነው። አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ አንድ ወጣት በእናቱ ዕድሜ ያሉትን በርበሬ ሻጭ «ማነሽ፣ ስንት ነው?» አላቸው። እርሳቸው ቀና እንኳ አላሉም። እጃቸውን በርበሬው ላይ እንዳሳረፉ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው፣ «እታለም፣ ዘንድሮስ በርበሬው ሳይቀመስ ነው አፍ የሚያቃጥለው» አሉ። ጎረቤቲቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ወጣቱ ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ «እማማ፣ ስንት ነው?» ብሎ እንደገና ጠየቀ። እዚህ ውስጥ ስድብ የለም። አሽሙር ለሦስተኛ ሰው እየተነገረ የሚወጋው ሌላውን ነው፤ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው። እንደ ቡርቧክስ ያለ የአዝማሪ መንደር በቅርቡ ያለው ሰው ሰሙን ከወርቁ ሳይለይ ቢቆጣ ያሳዝነኛል።

ከዚሁ ታሪክ አንድ ነገር እናንሣ። ወጣቱ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ያጠፋው «ማነሽ» በማለቱ ነው። በእኛ አገር ከስድብ ይልቅ የሚያስቀይመው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ለአማት፣ ለክርስትና አባት፣ ለቄስና ለሽማግሌ አንቱታ ይገባል። «እርስዎ» ብሎ ጀምሮ በመሀል «ና» ወይም «ስማ» ማለት ጭራሽ ይከፋል፤ አክብሮ እንደ መግፋት ነው።

«ምን አባህ!» የሚለውን ደግሞ ሰዎች «ተራ ቁጣ ነው» ብለው ያልፉታል። ለዕቃ ሲሆን እውነት ተራ ነው፤ «ቁልፉ የት አባቱ ገባ!» ብንል ማንም አይቀየምም። ሰው ፊት ቆመን «ምን አባህ ታመጣለህ!» ስንል ግን በቦታው የሌለውን አባት ጠርተን ነው የምናዋርደው። «አባቴ ይሙት» ብሎ የሚምል ሕዝብ የአባት ስም ምን ያህል እንደሚከብደው መርሳት የለብንም።

ሕጉ ጋ የሚደርስ ሰው ስድብንና ስም ማጥፋትን መለየት አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ስም ማጥፋትን በአንቀጽ 613፣ ስድብን በአንቀጽ 615 ለያይቶ ነው ያስቀመጣቸው። «አንተ ሌባ!» ብሎ መጮህ ስድብ ነው። «እገሌ ከዕድሩ ሣጥን ገንዘብ ወሰደ» ብሎ በሐሰት ለጎረቤት ማውራት ግን ስም ማጥፋት ነው። ሁለቱም የሚታዩት ተበዳዩ ራሱ አቤት ሲል ነው።

ብዙዎች የሚወድቁበት የመጨረሻው ስህተት «ለመናገር የሚከብድ ስድብ ሰደበኝ» ብሎ ማለፍ ነው። ነውር ስለሆነ ነው፤ ይገባኛል። ዳኛው ግን የተባለውን ቃል እንደተባለ ማወቅ ይፈልጋል። ባለፈው ክረምት የመጣች አንዲት ወጣት ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስት ጊዜ አቋረጠች። ጠረጴዛዬ አጠገብ ሌሎች ሰዎች ተራ ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ብዕሩን ከእጄ ወሰደች፤ በግራ እጇ ወረቀቱን ጋርዳ ራሷ ጻፈችው፤ አራት ጊዜ አጣጥፋ ሰጠችኝ።