ልጆች ስለ መላእክት ሲጠይቁን ምን ብለን እንመልስ

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ከቤተክርስቲያን ወጥተን ወደ አዋሳ ሐይቅ ወረድንና አሳ የሚወርድበት አሞራ ገደል ጋ ቆመን ሳለ አንድ አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ ያን ትልቅ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሳ የስድስት አመቷ ልጄ አየችውና እማ የገብርኤል ክንፍ እንደዚ ነው? አለችኝ። ዝም አልኩ። ሰንበት ትምህርት ቤት ህፃናት ክፍል አስተምራለሁ፣ የነገደ መላእክትን ስም በቃሌ እወጣዋለሁ፣ ግን ለስድስት አመት ልጅ የሚሆን አንድ መልስ አፌ ላይ አልመጣም። ከዛ በኋላ ብዙ አሰብኩበት፣ ከልጆቹም ጋ ብዙ ሞከርኩ፣ አሁን የረዳኝን ለወላጆችና እንደኔ ህፃናት ለምታስተምሩ ልፃፈው።

ከክንፍ አትጀምሩ፣ ከስሙ ጀምሩ። መልአክ የሚለው ቃል ግዕዙ ለአከ ነው፣ ላከ ማለት፣ መልእክትም መልእክተኛም ከዛው ስር ነው የወጡት። በዕብራይስጥም ማልአክ ነው፣ በግሪክም አንጌሎስ ማለት ያው መልእክተኛ ነው። የኛ ሀገር ልጅ ደሞ መላክ ምን እንደሆነ ማንንም አይጠይቅም፣ ሱቅ ሂጂ ሽንኩርት አምጪ፣ እትዬን ቡና ደርሷል በያቸው እየተባለ ነው የሚያድገው። እኔም ልጄን ቡና ደርሷል ብለሽ እትዬ ቤት ስትሄጂ የጠራሻቸው አንቺ ነሽ ወይስ እኔ? አልኳት። አንቺ ነሽ የጠራሽው እኔ ነገርኳቸው አለችኝ። በቃ ገባት፣ ምክንያቱም ስለ መላእክት የምትነግሯቸው ሌላው ሁሉ እዚህች ላይ ነው የሚቆመው። ማዳኑ የላኪው ነው፣ ክብሩም ወደ ላኪው ነው የሚሄደው፣ የተላከው ደሞ የማን መልእክተኛ እንደሆነ ታውቆ ነው በፍቅርና በአክብሮት የሚቀበሉት። ዕብራውያን 1፥14ም መዳንን ለሚወርሱ ሰዎች ለማገዝ የሚላኩ የሚያገለግሉ መናፍስት ይላቸዋል፣ ለትልልቆቹ ልጆች ጥቅሷን አስጠኗቸው፣ ለትንንሾቹ ቡናው ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ እባካችሁ በመልአክ አታስፈራሩ። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፣ ልጄ ስትዋሽ ያዝኳትና ገብርኤል ሰይፍ አለው ያይሻል አልኳት፣ ለሊት ላይ ተነስታ ግድግዳው ላይ ያለውን ስዕል አንሺልኝ ብላ አለቀሰች። በጣም ነው ያዘንኩት። በነጋታው ሉቃስ ወንጌልን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ ገብርኤል ለዘካርያስ ሲገለጥ አትፍራ አለው፣ ለእመቤታችን ሲመጣ አትፍሪ አላት፣ ምዕራፍ 2 ላይ ለእረኞቹ የታየውም መልአክ አትፍሩ ነው ያላቸው። እነሱ ከሰማይ ወርደው አትፍሩ እያሉ እኛ በነሱ ስም ልጅ እናስፈራለን! ሰይፉስ ካሏችሁ ሰይፉ ለሰይጣን ነው በሏቸው። አንዳንድ ጎበዝ ልጅ ዘካርያስ ዲዳ ሆኖ የለ እንዴ ሊል ይችላል፣ አዎ ስላላመነ አፉ ተዘጋ፣ ግን ዮሐንስ ተወልዶ ስሙን ፅፎ ሲያሳይ ተከፈተለት፣ የተነገረውም ልጅ አልተከለከለም፣ እሱንም እስከ መጨረሻው ንገሯቸው እንጂ ዲዳ ሆነ ብላችሁ አታቁሙት።

ምንድን ናቸው ለሚለው ደሞ ብዙ አታወሳስቡት። እግዚአብሔር የፈጠራቸው ናቸው፣ በኛ ቤተክርስቲያን ትምህርት በመጀመሪያው ቀን በዕለተ እሁድ፣ መናፍስት ስለሆኑ እንደኛ ስጋና ደም የላቸውም፣ አያገቡም፣ አይሞቱም። አንድ የምትረሳ ነገር ግን አለች፣ መላእክት ሁሉን አያውቁም ሁሉም ቦታ በአንዴ አይገኙም። ዳንኤል 10 ላይ ወደ ዳንኤል የተላከው መልአክ የፋርስ መንግስት አለቃ 21 ቀን ተቋቁሞት ሚካኤል መጥቶ ነው የረዳው። ይሄን ስነግራቸው ልጆቹ ዝም ብለው ነው የሚሰሙት፣ መልአክም መልአክ ይረዳዋል? ይላሉ። አስር አመት ያለፋቸው ልጆች ካሏችሁ የመቶውን ነገድና የሶስቱን ሰማያት የኢዮርን የራማን የኤረርን ትምህርት ጨምሩላቸው፣ ሳጥናኤል እኔ ነኝ የፈጠርኳችሁ ብሎ ሲያውካቸው ገብርኤል ንቁም በበህላዌነ እስከ ንረክቦ ለአምላክነ እንዳለ፣ ማለትም አምላካችንን እስክናገኘው በያለንበት ፀንተን እንቁም። ሳጥናኤል ፍጡር መሆኑን ከዛው ያውቃሉ፣ የእግዚአብሔር እኩያ የሆነ ጥቁር አምላክ አድርገው አይስሉትም፣ ካርቱን የሚያይ ልጅ እንደዛ የማሰብ ነገር አለውና።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። ጾም ባልሆነ ቀን ልጆቻችሁን አሞራ ገደል ውሰዷቸው፣ አሳው ከጀልባ ሲወርድ ይዩ፣ ቁጭ ብላችሁም ጥብሱን ብሉና መጽሐፈ ጦቢትን እዛው ተርኩላቸው፣ ከሱ የተሻለ የመልአክ ታሪክ ለአዋሳ ልጅ የለም። ጦቢት ደግ ሰው ነው፣ ግድግዳ ስር ተኝቶ ሳለ ወፍ አይኑ ላይ ኩሷን ጥላበት ታወረ (እዚህ ጋ ልጆቹ ቀና ብለው አባ ኮዳዎቹን ያያሉ፣ ሁሌም)። ልጁን ጦብያን ሩቅ ሀገር ያስቀመጠውን ብር እንዲያመጣ ላከው፣ መንገድ የሚያውቅ ጓደኛ ፈልግ አለው፣ ጦብያም አዛርያስ ነኝ የሚል ሰው አገኘ፣ ያ ሰው ሩፋኤል ነበር፣ ማንም አላወቀም። ጤግሮስ ወንዝ ሲደርሱ አንድ ትልቅ አሳ ዘሎ ወጣበት፣ ሩፋኤል ያዘው አለው፣ ልቡንና ጉበቱን ሀሞቱንም አስቀምጥ አለው፣ በልቡና በጉበቱ ጭስ ክፉው መንፈስ ያስቸግራት ከነበረች ሳራ ከምትባል ልጅ ሸሸ፣ ሀሞቱ ደሞ የአባቱን አይን አበራ። ሳራን አግብቶ ብሩንም ይዞ ተመለሰ።

መጨረሻውን አትዝለሉ። አባትና ልጅ ለዛ ሰው ደሞዝ እንስጠው፣ ከመጣው ንብረት ግማሹን ይውሰድ ተባብለው ሲጠሩት እኔ በእግዚአብሔር ፊት ከሚቆሙት ከሰባቱ አንዱ ሩፋኤል ነኝ አላቸው፣ በፊታቸው ሲወድቁ አትፍሩ አለ፣ የመጣሁት በራሴ ፈቃድ አይደለም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው እሱን አመስግኑ አለ። አያችሁ ያችው የቡናዋ ነገር ናት! ጳጉሜ 3 በሩፋኤል በዓል ላይ ከሆነማ ጥሩ ነው፣ የሩፋኤል ዝናብ ሲዘንብ ልጆቹ ወጥተው ሲታጠቡ ለምን እንደሆነ ያውቃሉ። ረቡዕና አርብ ከዋለ አሳውን ተዉትና ታሪኩን ብቻ ንገሯቸው።

ክንፉስ? ኢሳይያስ 6 ላይ ሱራፌል ስድስት ስድስት ክንፍ አላቸው፣ በሁለቱ ፊታቸውን ይሸፍናሉ በሁለቱ እግራቸውን በሁለቱ ይበራሉ፣ እና ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ ይላሉ፣ ያንኑ እኛ ቅዳሴ ላይ እንለዋለን። ሕዝቅኤል ያያቸው ደሞ የሰው የአንበሳ የላም የንስር ፊት አላቸው። ሎጥ ቤት የመጡት ሁለቱ መላእክት ግን ሰው ይመስሉ ነበር፣ ክንፍ የሚባል አልተፃፈላቸውም፣ ሎጥ ቂጣ ጋግሮላቸዋል። ስለዚ ልጄን እንዲህ አልኳት፣ ክንፍ ፈጥነው እንደሚደርሱና ፈጣሪያቸውን እንደሚያከብሩ የሚያሳየን ነው፣ የስጋ ክንፍ እንደ አባ ኮዳ አይደለም። ከስልክ ላይ የምታወርዱላቸውን ስዕልም ምረጡ፣ ያ ራቁቱን የሆነ ወፍራም ህፃን ከአውሮፓ ሰዓሊዎች የመጣ ነው፣ የኛ ቤተክርስቲያን ስዕሎች አይናቸው ትልልቅ፣ ቁም ነገረኛ ናቸው፣ ልጅ አይቶ ያከብራቸዋል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ህፃን ሲሞት ለልጆች መልአክ ሆነ ይባላል፣ ለማፅናናት ነው አውቃለሁ፣ ግን ክፍሌ ውስጥ እህቱ የሞተችበት ልጅ አሁን ክንፍ አወጣች? ታናሽ እህቴ መሆኗ ቀረ? ብሎ ጠይቆኛል። ሰው መልአክ አይሆንም። ሉቃስ 20፥36 እንደ መላእክት ይሆናሉ ነው የሚለው፣ እንደ የምትለዋን አስምሩባት። እህትህ እህትህ ናት፣ ስሟም ያው ስሟ ነው፣ እግዚአብሔር ጋ ናት፣ መላእክት አብረዋት አሉ አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

አዋሳ ስትኖሩ ደሞ ልጃችሁ ከጴንጤ ጓደኛው ጋ ነው የሚጫወተው፣ አንድ ቀን እናንተ መልአክ ታመልካላችሁ ተባልኩ ብሎ መምጣቱ አይቀርም። አትቆጡ፣ የጎረቤትንም ልጅ አታሳፍሩ። በብዙው አንድ ነን፣ መላእክት እንዳሉ፣ እንደሚጠብቁ፣ በመዝሙር 90 (በነሱ ቁጥር 91) በመንገድህ ሁሉ ይጠብቁህ ዘንድ የሚለውን እነሱም ይፀልዩታል። የምንለያየው በልመናው ነው፣ እነሱ ልመና ለእግዚአብሔር ብቻ ይላሉ፣ መልአኩ ዮሐንስን እንዳታደርገው ለእግዚአብሔር ስገድ ያለበትን ራእይ 22ን ይጠቅሳሉ። እኛም የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው እንላለን፣ ለመልአክ የምናቀርበው የአክብሮት ነው፣ መልአክ ስለ ሰው እንደሚለምን ትንቢተ ዘካርያስ 1፥12 ላይ ስላለ አማልደን እንላለን። ለልጅ ሲሆን እኛ የተላከውን እናከብራለን የምናመልከው ላኪውን ነው በሉት፣ ከዛ ሄዶ ኳሱን ይጫወት።

ለታህሳስ 19 ገብርኤል ስትዘጋጁ ከዋዜማው ዳንኤል 3ን ንገሯቸው፣ ሰለስቱ ደቂቅ (በኛ ትምህርት ገብርኤል ከእሳት ያዳናቸው ሶስቱ ወጣቶች) እሳት ውስጥ ከመወርወራቸው በፊት አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም ለጣኦትህ አንሰግድም ያሉትን አትተዉ፣ ምክንያቱም ፀልዮ የታመመ አያቱ ያልዳነለት ልጅ ይኖራል፣ ያቺ ባያድነንም የምትለው ቃል ለሱ ናት። አዋሳ ገብርኤል በዛ ቀን ከየሀገሩ ስለሚመጣ ሰዉ መተላለፊያ አይኖረውም፣ ስልክ ቁጥራችሁን ወረቀት ላይ ፅፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱ፣ ታቦቱ ሲወጣ ትንንሾቹን ተሸከሟቸው እንዲያዩ፣ ጧፉን ራሳቸው ያብሩ።

ማታ ሲተኙ ሌላ አዲስ ፀሎት አትፈልጉላቸው። አባታችን ሆይ ብለው ሲጨርሱ እመቤቴ ማርያም ሆይ በመልአኩ በቅዱስ ገብርኤል ሰላምታ ሰላም እልሻለሁ ይሉ የለ፣ ያ ሰላምታ ከሉቃስ 1፥28 የመጣ ገብርኤል ናዝሬት ይዞት የሄደው መልእክት ነው። ይሄን ለልጄ ስነግራት ትንሽ አሰበችና እና እኔም ተላኪ ነኝ ማለት ነው? አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዛ ለት ጀምሮ እሷን ቦታ ጮክ ብላ ነው የምትላት፣ ስዕሉንም ግድግዳው ላይ መልሰን ሰቅለነዋል።