ነጩ ስክሪን እንዴት እንደጠፋ (ሪአክትን ትቼ ስቬልት ስይዝ)

ኮምቦልቻ ላለ አንድ የህንፃ መሳሪያ ሱቅ የዕቃና የዋጋ ዝርዝር ዌብ አፕ በሪአክት (የዌብ ገፅ መስሪያ ላይብረሪ፣ ማለት ዝግጁ ኮድ) ሰርቼ ነበር። እኔ ላፕቶፕ ላይ ጥይት ነው፣ ደንበኞቹ ግን "ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየን" ይላሉ። እውነት ለመናገር አላመንኳቸውም፣ ከዛ የእናቴን አሮጌ ስልክ ይዤ ከደሴ ስወርድ ሐረጎ (ጠመዝማዛው ቁልቁለት) ላይ ከፈትኩት፣ በቃ ነጭ፣ ጠመዝማዛውን ጨርሰን ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል ነው የመጣው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ጃቫስክሪፕቱ (ገፁን የሚሞላው ኮድ) ወርዶ እስኪያልቅ ኤችቲኤምኤሉ (ገፁ ራሱ) ባዶ ዲቭ፣ ማለት ባዶ ሳጥን ነው። ሪአክትን ብቻ አልወቅስም፣ ለቀን ማሳያ ብዬ የጫንኩት ላይብረሪ የአለምን ቋንቋ ሁሉ ይዞ ገብቶ ነበር (የኔ ጥፋት)፣ ሰርቨሩ ላይም ጂዚፕ (ፋይሉን አሳንሶ መላኪያ) አልበራም።

ቪዩን (እንደ ሪአክት ያለ ሌላ መስሪያ) አየሁት፣ አሪፍ ነው ግን እሱም ራንታይሙን (ብሮውዘር ላይ የሚሰራ የራሱን ኮድ) ይዞ ነው የሚወርደው። ስቬልት ግን ኮምፓይለር (ኮዱን አስቀድሞ የሚተረጉም) ስለሆነ ብዙውን ስራ ቢልድ ላይ (አፑ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት ሲዘጋጅ) ይጨርሰዋል፣ ለትንሽ አፕ የሚወርደው ፋይል ያንሳል። ዋናው መፍትሄ ግን ስቬልትኪት (የስቬልት ፍሬምወርክ) ላይ ፕሪሬንደርን (ገፁን አስቀድሞ ማዘጋጀት) ትሩ ማድረጌ፣ ማለት ማብራቴ ነው፣ አንድ መስመር ናት፣ ገፁ ቢልድ ላይ ኤችቲኤምኤል ሆኖ ስለሚወጣ ጃቫስክሪፕቱ ባይደርስም ዝርዝሩ ይታያል። ዋጋ ሲቀየር ድጋሚ ቢልድ ማድረግ ግድ ነው፣ እኔ ማታ ማታ አደርገዋለሁ።

ይሄ ሁሉ በኔክስትም (የሪአክት ፍሬምወርክ) ይሰራል እኮ፣ ቡድን ካላችሁና ሰው የምትቀጥሩ ከሆነ ሪአክት የሚያውቅ ማግኘት ይቀላል። እኔ ብቻዬን ነኝ።

ስመለስ ሐረጎ ላይ ሞከርኩት፣ ዝርዝሩ ወዲያው መጣ፣ የቆርቆሮዎቹ ፎቶ ብቻ ነው የዘገየው፣ እሱን ወደ ዌብፒ (ቀለል ያለ የፎቶ ፋይል አይነት) እየቀየርኩ ነው።