ኳ፣ ጧ ወይስ ኮሽ?
አጭርና ድንገተኛ ድምፅን በጽሑፍ ስትገልጹ «ድምፅ ተሰማ» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ድምፁ ከምን እንደወጣ አስቡ። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ወይም ጅራፍ ሲጮኽ ጧ፣ ጠመንጃ ሲተኮስ ዷ፣ በር በጣት ሲመታ ደግሞ ኳ ስለሚል፣ ቃላቱ ተመሳሳይ ቢመስሉም አንዱን በሌላው ቦታ መተካት ትዕይንቱን ያበላሻል። ኮሽ ከሁሉም ይለሰልሳል፤ በሌሊት ደረቅ ቅጠል ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ በመሆኑ፣ አንባቢ ጆሮውን እንዲቀስር ለማድረግ የሚስተካከለው ቃል ያለ አይመስለኝም። «በሩ ኳ አለ» የአንድ ጊዜ ድምፅን ሲገልጽ «በሩ ተንኳኳ» ግን ድግግሞሽን ያሳያል። ድምፁን ያሰማው ሰው እንዲታወቅ ከተፈለገ «አለ» በ«አደረገ» ይተካል፤ ለምሳሌ «ማብሪያውን ጠቅ አደረገው» ይባላል። ስም ሲያስፈልጋችሁ ኳኳታና ኮሽታ አሉላችሁ።