ኃይሌ ወይስ ቀነኒሳ፣ ክርክሩን እንዴት ነው የምትይዘው

ቡና እየተጠጣ "ኃይሌ ይበልጣል" "ኧረ ቀነኒሳ" ሲባል ዘለህ አትግባ፣ መጀመሪያ አመቱን አስቆርጣቸው። ምርጥ አምስት ተከታታይ አመት በቃ፣ አለዛ አንዱ ስለ ሲድኒ ሌላው ስለ በርሊን ማራቶን ሲያወራ ይመሻል።

ቀነኒሳን ከያዝክ ከ2002 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ያለውን አውጣ፣ በአለም አገር አቋራጭ አጭሩንም ረጅሙንም በየአመቱ ጠራርጎ ወስዷል፣ 10 የግል ወርቅ ነው እኮ። በ2004 ደግሞ ሄንግሎ ላይ የ5 ሺ ሜትሩን የአለም ሪከርድ በ12:37.35፣ ከ8 ቀን በኋላ ኦስትራቫ ላይ የ10 ሺውን በ26:20.31 ሰበረ። በአቴንስ ኦሊምፒክ በ5 ሺ ሜትር ወርቁ አምልጦት የብር ሜዳሊያ ማግኘቱን ማንሳታቸው አይቀርም፣ ቀድመህ እመንላቸውና እለፍ።

ኃይሌን ከያዝክ ሰአቱን ከቀነኒሳ ጋር አታወዳድር ትሸነፋለህ፣ በራሱ ዘመን ከነበሩት ጋር ምን ያህል እንደራቀ አሳይ። በ1995 ዙሪክ ላይ የ5 ሺው ሪከርድ 12:55.30 ነበር፣ እሱ 12:44.39 ገባ፣ ባንዴ ወደ 11 ሰከንድ! ይሄን ሲሰማ ዝም የማይል የቀነኒሳ ደጋፊ አላየሁም፣ እኔም ራሴ የቀነኒሳ ነኝ።